የሲቲ አሚን

ሴቱ ሁሉ «አሚን» ሲል ሲቲ ከንፈሯን ብቻ ታንቀሳቅስ ነበር። ይህን የነቃባት አንድ ሰው ነው፤ መጥፎ ዕድሏ ሆኖ እሱም የምትወደው ሰው ነበር።

የተገናኙት ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። እሷ ከጅዳ ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ረጅም ልጅ አንድ ጥቁር ሻንጣ ጉልበቶቹ መሃል አቁሞ እንደ ሕፃን ሲያባብለው አየችና ምን እንደያዘ ጠየቀችው። ልጁ፣ ሙሀይሚን፣ መልስ በመስጠት ፈንታ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀላት። ብረት ከብረት ተጋጨ፤ ማሽን አጓራ። ልታወልቀው ስትል ከጩኸቱ ሥር የአምባሰል ቅኝት ብቅ አለ፤ ከዚያም የአንድ ሽማግሌ እንጉርጉሮ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። እሱ ደግሞ ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር።

ሽማግሌው በሕይወት የሌሉት አባቱ፣ ሀሚድ ነበሩ።

የከተማው ሰው «የሙሀይሚን ወፍጮ» እያለ የሚያላግጥበት ሥራ ሄቪ ሜታል የሚባለው የጩኸት ሙዚቃ አልበም ነበር። በአልበሙ ታሪክ ከመቶ ዓመት በኋላ ሐይቁ ደርቆ ከተማዋ ለሮቦቶች ትቀራለች፤ ሮቦቶቹም የሰው ዜማ ፍለጋ ይንከራተታሉ። ጊታሩን፣ ከበሮውን፣ የማሽኑን ድምፅ ሁሉ የሚሠራው ብቻውን ነው። ለውጥ መጣ ተብሎ አገር ሲጨፍር ጀምሮት ሦስት ዓመት ፈጀበት።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ወጣት ወንዶች በእግራቸው ሸሹ። ሙሀይሚን አልበሙ ያለበትን ሃርድ ዲስክ እጮኛው ሲቲ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። ኮምፒውተሩ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ሌላ ቅጂም የለ።

«አባቴም እዚህ ውስጥ ነው፤ አደራ» አላት።

በሦስተኛው ቀን ታጣቂዎች ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ የተገኘበት ሰላይ ይባላል ተብሎ ተወራ። ሲቲ ዱቄት ውስጥ ቀበረችው፤ አወጣችው፤ ጣሪያ ሥር ሸጎጠችው፤ እዚያም ሆኖ አላስተኛት አለ። በማግስቱ ልብስ ልታጥብ የወጣች መስላ ወደ ሐይቁ ወረደችና ወረወረችው። ፈታሾቹ እሷ ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። አንጀቷን የሚበላት ይሄ ነው።

ታኅሣሥ ላይ ሙሀይሚን ከስቶ፣ ጠቁሮ ተመለሰ። ጫማውን ሳያወልቅ ነው የጠየቃት። እውነቱ አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ዓይኑን ስታይ ግን «ወሰዱት» አለችው። ከተማው ተዘርፎ የለ፣ ማን ይጠራጠራል? አቅፎ አጽናናት። ተዘራፊው ዘራፊዋን ሲያጽናና አስቡት እንግዲህ።

እናቱ ወይዘሮ ስህን ግን አልተጽናኑም። በየሐሙሱ ጎረቤት ሰብስበው ዱዓ ሲያደርጉ፣ መጨረሻ ላይ የልጃቸውን ድካምና የባላቸውን ድምፅ የወሰደ እጅ እንዲሰልል ይራገማሉ። ሴቱ ሁሉ «አሚን» ይላል። የልጃቸው እጮኛ ሲቲም መሃላቸው ናት። በራሷ እጅ ላይ እንዴት ብላ አሚን ትበል?

ሙሀይሚን በውሰት ኮምፒውተር አልበሙን እንደገና ጀመረ። ለመጨረሻው ዘፈን የእናቱን እርግማን አራት ሐሙስ በስልኩ ቀዳ። የጋብቻቸው ኒካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሲቲን ጠራና እንደ ሚኒባሱ ቀን ማዳመጫውን አጠለቀላት።

«ስልኩን ያስቀመጥኩት አንቺ አጠገብ ነው» አላት። «የጎረቤታችን የኡስማን እናት ድምፅ አለ፤ የአክስቴም አለ። ያንቺ አሚን አንድም ሐሙስ የለም። ለምን፣ ሲቲ?»

ማዳመጫውን ቀስ ብላ አወለቀች።

«እኔ ነኝ» አለች። «ፈርቼ ሐይቁ ውስጥ ጣልኩት። አባትህን ውሃ ውስጥ ጣልኳቸው።»

ተነሥቶ ወጣ። ሦስት ቀን ድምፁ ጠፋ። ሐሙስ ጠዋት አጭር መልእክት ላከላት፤ ለእናቴ ራስሽ ንገሪያት የሚል።

ሄደች። ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት ወይዘሮ ስህን እግር ሥር ተንበርክካ ተናገረች። እሳቸው ሁለት እጆቿን ይዘው፣ ሰልለው እንደሆነ የሚያዩ ይመስል አገላበጧቸው።

«ይህን እጅ ነው ስረግም የከረምኩት?» አሉ እያለቀሱ። «ምነው ዝም አልሽኝ ልጄ?»

ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ያ ረብ፣ ሳላውቅ ያልኩትን መልስልኝ። ይህን እጅ ልጅ አሳቅፈው።»

«አሚን» አለች ሲቲ፣ ከሁሉም ቀድማ።

ቀና ስትል ሙሀይሚን ድምፅ ሊቀዳ ስልኩን ዘርግቶ በር ላይ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል። «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አላት።

አልበሙ ከኒካው በኋላ ወጣ። መጨረሻው ዘፈን ላይ እርግማኑ የለም። ጩኸቱ ድንገት ይቆምና፣ የአባቱ እንጉርጉሮ በነበረበት ቦታ ምንም አይሰማም። ሲቲ እዚያ ስትደርስ ሁልጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዝምታው በኋላ የሚመጣው የራሷ አሚን ነው።