የዘሪሁን ሞተር ቀጥ ብሎ የቆመ ዕለት

እኔ የማምነው በመፍቻ ቁጥር ነው፣ አሥራ ሁለት ካልያዘ አሥራ ሦስት ይይዛል፣ አሥራ ሦስትም ካልያዘ ቡሎኑ ተበልቷል ማለት ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። ሰዎች ስለ ሙት መንፈስና ስለ ቀትር ጋኔን ሲያወሩ ቁጭ ብዬ የምሰማው ለግጥም የሚሆን ቃል ይገኝ ይሆናል ብዬ ነበር እንጂ አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። ስለዚህ ይህን አንብበህ ብትስቅ አልቀየምህም፣ በሌላ ሰው ላይ ቢደርስ እኔም እስቅ ነበር።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ እቤታችን ጓሮ ማንጎ ዛፍ ሥር ሞተር ሳይክል እጠግን ነበር። ታረቀኝ የሚባል አብሮ አደጌ ነበረኝ፣ ታላቅ ወንድሙ ዘሪሁን ደግሞ ከጫሞ ሐይቅ ዳር ዓሣ በሳጥን ጭኖ ላይኛው ከተማ ሴቻ ላሉ ሆቴሎች የሚያደርስ፣ መንገድ ላይ ሰላም የማይለው ሰው ያልነበረ ልጅ ነበር። አንድ የክረምት ቀን ከደጋው ከጨንቻ ሲወርድ፣ ጉም ውስጥ፣ ጠመዝማዛው ላይ ቀረ። ሞተሩ ግን ብዙም አልተጎዳም፣ የሚያናድደው ይሄ ነው፣ መሪው ትንሽ ጠመመ፣ አንድ ስፖኪዮ ተሰበረ፣ በቃ።

ለቅሶው ዘመዶቹ ባሉበት ደጋ ላይ ነበር። ድሮ የጀግና ፈረስ ለቅሶ ሜዳ ይዞር ነበር ይባላል፣ ዘሪሁን ፈረስ አልነበረውምና ጓደኞቹ ሞተሩን ሳናስነሣ እየገፋን ሜዳውን አዞርንለት። ሲያበቃ እናቱ እማማ ዓለሚቱ እጄን ይዘው «አንተ ልጅ፣ አንተ ታውቅበታለህ፣ በታትነህ ሽጠው፣ ሰው ዳግመኛ እንዳይቀመጥበት» አሉኝ። አጠገባቸው የነበሩ ሽማግሌም ለቅሶ ሜዳ የዞረ ነገር ለጨዋታ አይወጣም፣ ጎሜ ነው አሉ፣ ጎሜ በጋሞ የማይደፈረውን መድፈር ነው፣ የደፈረው ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያለውም ይከፍልበታል። «እሺ እማማ» አልኩ። እሺ ማለት ምን ያስከፍላል።

ከወራት በኋላ ወሬ መጣ፣ ከከተማው በታች ባለው ሜዳ የሞተር ውድድር ሊደረግ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ሰው ጎበዝ ነጂ መርጦ ይዞ ሊሄድና ሊያሠለጥን ነው ተባለ። ታረቀኝ በዚያው ቀን ሞተሩ ሳይነካ ወደተቀመጠበት ማንጎው ሥር መጣ።

«እማዬ በታትነው አይደል ያለችህ?»

«አዎ።»

«እንበታትነዋለና! መብራቱን እንፈታለን፣ ፍሬቻውን እንፈታለን፣ ክላክሱን እንፈታለን። ከዚያ ወዲያ ሞተር ነው እንዴ እሱ?»

«ሰው አይቀመጥበት ብለዋል እኮ።»

«እኔ ሰው ነኝ እንዴ? ወንድሙ ነኝ።»

ሳቅን። ራሳችንን የሸነገልነው እንዲህ ነው፣ ልክ እንደዚህ በቀላሉ።

ሦስት ሳምንት ሠራሁበት። መስተዋት የሆነውን ሁሉ ፈታሁ፣ የዓሣ ሳጥኑን ብረት ቆረጥኩ፣ የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎውን አሳጠርኩ፣ የጭስ መውጫ ማርሚታውን ከፈትኩ፣ የካርቡራተሩን ቀዳዳ አሰፋሁ፣ ከኋላ ትልቅ የካቴና ጥርስ አስገባሁ፣ የዘይቱ ቡሎን ተፈቶ ሜዳ ላይ እንዳያፈስ በሽቦ ጠፍሬ አሰርኩት። የኋላውን ሞላ በጠንካራ ቀየርኩት፣ በሙሉ ክብደቴ ብጫነው ሁለት ጣት አይወርድም። ማቆሚያውንም ክብደት ነው ብዬ ቆርጬ ጣልኩት፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ የሚቆመው ዱላ ላይ ተደግፎ ነበር። አንድ ነገር ልንገርህ፣ መንዳቱን ከታረቀኝ ይልቅ የምመኘው እኔ ነበርኩ፣ ግን ቀኝ ጉልበቴ በልጅነቴ ከተሰበረ ወዲህ በደንብ አይታጠፍም። የሠራሁት እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለወረቀትም ቢሆን።

ውድድሩ እሑድ ነው፣ ነገሩ የሆነው ቅዳሜ በቀትር። የአርባ ምንጭን ቀትር ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፣ ዶሮ እንኳ ጥላ ይዞ አፉን ከፍቶ የሚቆምበት ሰዓት ነው፣ ሰፈሩ ጭጭ ይላል። ታረቀኝ ቤንዚን ሊገዛ ሄዷል፣ የሞተሩ ታንክ ወርዶ እግሬ ሥር ነው፣ እኔ ሣጥን ላይ ተቀምጬ እጄን በጨርቅ እጠርጋለሁ።

መጀመሪያ ጠብታ ሰማሁ። ጠብ፣ ትንሽ ቆይቶ ጠብ። ቤንዚን የለው፣ ውኃ የለው፣ ምኑ ነው የሚንጠባጠበው ብዬ ጎንበስ ብል ከወንበሩ ኋላ፣ ድሮ የዓሣው ሳጥን በነበረበት ቦታ ሥር፣ መሬቱ ረጥቧል። ሽታው ደረሰኝ፣ ጥሬ ዓሣ፣ ገና ከሐይቅ የወጣ። ያን ሞተር ሦስት ጊዜ በሳሙና አጥበነዋል፣ እመነኝ። ከጎረቤት ነው ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ማርሹ ቀጭ አለ። አንደኛ ማርሽ ሲገባ የሚሰማውን ድምፅ ለእኔ አትንገረኝ፣ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ። ብረት በሙቀት ይጮኻል አልኩ። ያን እያልኩ ሳለ የኋላው ሞላ መውረድ ጀመረ፣ በዝግታ፣ ሰው ተጠንቅቆ እግሩን አሻግሮ ሲቀመጥ እንደሚወርደው፣ ሁለት ጣት፣ ሦስት፣ አራት ጣት ወርዶ ቆመ። ዱላው መሬት ወደቀ። ሞተሩ ግን አልወደቀም፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ መሪውም ቀስ ብሎ ወደ ግቢው በር ዞረ።

«ዘሪሁን?» አልኩ። ጅልነቴን ተመልከት። ጠብታው ቀጠለ።

ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፣ የቆርቆሮው በር ተንቋቋና ታረቀኝ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ገባ። ቀጥ ብሎ የቆመውን ሞተር አይቶ «ወይ ገጣሚው! ሚዛኑን እንዲህ ጠብቀህለታል?» አለና መሪውን ያዘ። ሞላው ሲጥ ብሎ ተነሣ።

«ምን ሆነሃል? አመድ መስለሃል እኮ።»

«ፀሐይ ነው» አልኩት።

ብነግረው «ግጥም ጀመረህ» ነበር የሚለኝ። እማማ ዓለሚቱ የቀራቸው ልጅ እሱ ብቻ ነው፣ ከእሱ ሌላ ማንም የላቸውም፣ እኔ ደግሞ ለሴትየዋ ቃል ሰጥቼ ቃሌን በልቻለሁ። ነገ ይሞታል አልኩ በልቤ፣ ሊወስደው ነው የመጣው። እሑድ ጠዋት ታረቀኝ ፊቱን ሲታጠብ ከአሮጌ ሰማያዊ ቱታዬ ትንሽ ጨርቅ ቀድጄ ጠቅልዬ ቤንዚኑን ከታንኩ ወደ ካርቡራተሩ የሚያወርደው ቀጭን ጎማ ውስጥ ከተትኩ፣ ተነሥቶ ትንሽ ሄዶ እንዲጠፋ አድርጌ።

እንዳሰብኩት ሆነ። ስምንት ሞተር ተነሣ፣ ታረቀኝ ፊት ነበር፣ እንዴት ያለ አነሣስ መሰለህ፣ የሠራሁት ሞተር ያን ያህል ይፈጥናል ብዬ እኔም አልጠበቅሁም፣ የመጀመሪያው ኩርባ ጋ ሲደርስ ሁለቴ አነጠሰና ጸጥ አለ። ሌሎቹ አቧራ እያለበሱት አለፉ። ቢረግጠው ቢረግጠው እምቢ። የሞተሩን የድሮ ሥራ የሚያውቀው ሕዝብ «ዓሣ ጫኚው! ግፋው፣ ሴቻ ድረስ ግፋው!» እያለ ሳቀበት። የቤንዚኑን ቀጭን ጎማ ነቀለ፣ ጨርቁን አወጣ፣ ሰማያዊውን አየው፣ እኔንም አየኝ። ወደ እኔ መጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

«ቀናህብኝ» አለኝ። ሞተሩን እዚያው ትቶልኝ ሄደ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ ሌላ ልጅ መርጦ ሄደ። ታረቀኝ በሳምንቱ ሐዋሳ ገባ፣ እንጨት ቤት ተቀጠረ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ሞተሩን እየገፋሁ ቤት መለስኩና በታትኜ ሸጥኩት፣ እማማ ዓለሚቱ እንዳሉት፣ ማለቴ የሚጠቅምበት ጊዜ ካለፈ በኋላ።

ስድስት ዓመት ሳንነጋገር ቆየን። ከዚያ እማማ ዓለሚቱ ሞቱና ለቅሶ ቤት ሄድኩ፣ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፣ ታረቀኝ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ በዚያ ዕድሜ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ ፊቴን ሳያይ። «የውድድሩ ዕለት ከመነሣታችን በፊት ወገቤን ያዘኝ። መንዳት ሲያስተምረኝ ከኋላ ተቀምጦ እንደሚይዘኝ፣ በሁለት እጁ። ዘሪሁን መሆኑን አውቄያለሁ።»

«አልፈራህም?»

«ለምን እፈራለሁ? ደስ አለኝ እንጂ። ያን ያህል ያስነሣኝ ምን ይመስልሃል፣ ያንተ ካርቡራተር?» ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። «ሞተሩ ሲጠፋ ለቀቀኝ፣ ወረደ። ዞሬ አየሁ፣ ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ በሕልሜም አልመጣም። እንግዲህ ጨርቁን የከተትከው አንተ ነህ፣ ወዴት ነው የሰደድከው?»

ቅዳሜ ያየሁትን ልንገረው? ንፍሮ የሚያዞሩት ሴትዮ ደረሱብን፣ ታረቀኝ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለ፣ ተነሣና ሄዶ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጠ።

ሰው ሲጠይቀኝ ፈርቼ ነው፣ ለሕይወቱ ብዬ ነው እላለሁ፣ አንተም ከጠየቅኸኝ የምለው ያንኑ ነው። ግን ወዳጄ፣ ያን ጨርቅ ስከት እጄ አልተንቀጠቀጠም።