በማንኪያው ላይ የደረቀ ነጭ ዱቄት

ሟቹ ሲገኝ ዓይኖቹ ወደ በሩ ነበሩ። ገና ወጣት ነው፤ ጡንቻ የሚያመነምን በሽታ ከልጅነቱ ይዞት ጣቱን እንኳ ማንቀሳቀስ ካቃተው ሰንብቷል። ሐኪሙ ግን «ትን ብሎት ነው የሞተው» አለ። ምግቡ የሚገባለት ሆዱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ ብቻ ነበር። በአፉ የሰጠው ሰው አለ ማለት ነው።

ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» የሚሉት መርማሪ ትራሱ ሥር ማንኪያ አገኘ። ነጭ ዱቄት ደርቆበታል። ቱቦዋም በዚያው ዱቄት ተደፍናለች።

ቤት ውስጥ የነበሩት እናት፣ እህትና አስታማሚ ናቸው።

«እኔን ነው የሚይዙኝ አይደል?» አለ አስታማሚው። «መቼም ባዳ እያለ ዘመድ አይታሰርም።»

«ሻይህን ጨርስ መጀመሪያ» አለው አይቸኩሌ።

እህትየው ጣልቃ ገባች። የምትሠራው የወንድሟ የጡንቻ ሕዋስ በብልቃጥ በሚረባበት ቤተ ሙከራ ነው።

«እኔ ነኝ የሰጠሁት። እሱን ይተዉት።»

«ምንድን ነው የሰጠሽው?»

«ኮላጅን። ለቆዳ፣ ለመገጣጠሚያ እየተባለ የሚሸጠውን።»

«ቤተ ሙከራ ከወንድምሽ ጡንቻ የምትለኪውስ ምንድን ነው?»

«እሱኑ» አለች። «የታመመ ጡንቻ ኮላጅን ያበዛል። ሥጋው እያለቀ ቦታውን ጠባሳ ይይዘዋል።»

አይቸኩሌ ሦስቱንም ባዶው አልጋ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«አስታማሚ ቱቦውን ሁልጊዜ በውሃ ያጥባል፤ ተደፍኖ አይተወውም። አንቺ ደግሞ ወንድምሽን የሚበላው ይኸው መሆኑን እያወቅሽ አትሰጪውም፤ ሰው ልትሸፍኚ ነው። የሰጠው ሰው መድኃኒት መስሎታል። በቱቦው ሞከረ፤ ሲደፈንበት በማንኪያ አጎረሰ። ክፉ ያሰበ ሰው እንዲህ አይለፋም።»

እናትየው አንገታቸውን ደፉ። «ስልክ ላይ ኮላጅን ኮላጅን ስትል እሰማለሁ። ምንድን ነው ስላት ‹እሱ ቢስተካከልለት ይሻለው ነበር፣ እማ› አለችኝ። የጎደለው መሰለኝ። በዝቶበት ነው ብሎ ማን ያስባል? ልጄ ምን ነገር በዝቶለት ያውቃል?»

«ጠባሳ እየሆነ ነው ማለት ከብዶኝ ነው፣ እማ።» እህትየው መሬት ላይ ተቀመጠች።

አይቸኩሌ የገደለው ትንታው እንጂ ኮላጅኑ አይደለም ሊል አፉን ከፈተ። ማጽናኛ እንዳልሆነ ሲገባው መልሶ ዘጋው።

«እዚያ ቤተ ሙከራ ያስቀመጣችሁት የልጄ ሥጋ» አሉ እናትየው፣ «አሁንም በሕይወት አለ?»

«አለ፣ እማ። እየመገብነው ነው።»

እናትየው ማንኪያውን አዩት።

«በዚህ እንዳይሆን ብቻ፣ ልጄ።»