ከወንድሜ ቤት ሥር ያለው ጉድጓድ

የምነግራችሁ ነገር በእኔው ላይ የደረሰ ነው፤ ፈጣሪ ያውቃል። ፈጠራ የመሰለው ሰው ይለፈው።

ልጅ ሳለሁ አባቴና አጎቴ ከግድግዳው ወዲያ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። ግማሹ ጠፍቶብኛል። «ዛፍ እንትከልበት...» ያለው አባቴ ይመስለኛል።

«ሽታውስ?» አለ አጎቴ።

መልሱን አላስታውስም።

አሁን ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። ሥራዬን እያየሁ፣ እየሰማሁ ነው የለመድኩት። አውሮፕላን ከላይ ሌዘር ይለቃል፤ ጨረሩ በቅጠሎች መሃል ሾልኮ መሬት ነክቶ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ምስል ላይ ዛፉንና ቤቱን እየፋቅኩ፣ ከሥር የተደበቀ ጥንታዊ ፍርስራሽ ካለ አወጣለሁ።

አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር። ቢሮ ቁጭ ብዬ ከአባታችን ቤት ጀርባ ያለውን ጫካ ፋቅኩት።

ጉድጓዶች... አሥራ ዘጠኝ። ክብ ክብ፣ በአንድ መስመር፣ ወደ ቤቱ የሚሄዱ።

አለቃዬ የጥንት እህል ማከማቻ ነው ብላ ደስታዋን አልቻለችውም።

ቤቱንም ፋቅኩት።

ሃያኛው እዚያ ነበር።

ሌዘር የቆርቆሮ ጣሪያ አያልፍም። ቤት ሲፋቅ ምስሉ ላይ ባዶ ቦታ እንጂ ከሥሩ ምንም ሊታይ አይችልም...

ቤቱ ውስጥ ታላቅ ወንድሜ ብቻውን ይኖራል።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአለቃዬ ጋር ሄድን። መጀመሪያ ጫካ ገብተን አንዱን ጉድጓድ የሸፈነውን ቅጠል ገለጥኩ። የከረመ ጮማ ሽታ አፌ ውስጥ ገባ።

ግድግዳው አፈር አይደለም... እርጥብ፣ ቀላ ያለ፣ እንደ ድድ።

ነካሁት። ይሞቃል።

ጣቴ ላይ የቀረውን ዝልግልግ ነገር በሱሪዬ ብጠርገው፣ በቅጠል ባሸው አልለቅ አለኝ። አለቃዬን ዛፍ ተደግፋ አስመለሳት። እኔ በልቤ ጸሎቴን ጀመርኩ።

ከዚያ ቤት ገብተን ወንድሜን ዛሬውኑ ውጣ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ኮምፒውተርህ የቤቴን ወለል ከእኔ በላይ ያውቃል እንዴ አለኝ። ክረምቱን ሙሉ እሳት ሳላነድ ቤቱ ሞቆኝ ከርሟል፤ ምን ጎደለኝ ብዬ ነው የምወጣው አለ።

ባዶ እግሩን ነበር። ምንጣፉ ከሥሩ ረጥቧል። ያው ሽታ...

«ጋሼ» አልኩት በሹክሹክታ። «በእናታችን ይዤሃለሁ።»



ሊመልስልኝ ሲል ከወለሉ ሥር አንድ ነገር ምራቁን ሲውጥ ሰማን።

«እሺ» አለ ወንድሜ ቀስ ብሎ። «እወጣለሁ።»

ቀኝ እግሩን አነሳ። ከውስጥ እግሩ እስከ ምንጣፉ ነጫጭ ክሮች ተለጠጡ... አልተበጠሱም።

ቁልቁል አያቸው። ከዚያ እግሩን በቀስታ ቦታው መለሰ።

«እሺ ብያችኋለሁ እኮ» አለ። «እናንተ ቅደሙ።»