ክልከላው ያበቃበት ንጋት

ዌና ናንኪቬል ለሄድሊ ትሬምባት ስድስት ዓመት ሙሉ ሻይ አልሸጠችለትም። ሄድሊ የባሕር ዳርቻው ጠባቂ ነው፤ ከሜይ መግቢያ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ውሻ ነጩን አሸዋ እንዳይረግጥ የሚከለክለውን ሰሌዳ የሚተክልም የሚነቅልም እሱ ነበር። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ በጋ ዌናን ከነውሻዋ መልሶ ወደ ጠጠሩ ዳርቻ ሰደዳት። እዚያ ሞገዱ ውሻዋን ነጥቆ ወሰደባት።

«ሕጉ ለእኔ ቢጤ ብቻ ነው፤ ትልልቆቹን ዓይኑ አያይም» ትላለች ከዚያ ወዲህ፣ ላገኘችው ሰው ሁሉ። አንድ ቀንማ ፊት ለፊቱ ቆማ «አንተንም ባሕሩ አፍ ላይ ተዘርግተህ ያሳየኝ!» ብላዋለች።

ኦክቶበር አንድ፣ ክልከላው ባበቃበት ንጋት፣ ዓሣ አጥማጁ ጆሪ ቶንኪን ውሾቹን ይዞ ሲወርድ ሄድሊን ከድንጋዩ ደረጃ ሥር አገኘው። ማጅራቱ ተሰንጥቆ ሞቷል።

ኢንስፔክተር ስፓርጎ አጭር፣ ቁጥብ ሴት ናት። አስከሬኑ ሲነሳ ጎንበስ ብላ ከሥሩ የነበረውን አሸዋ በጣቷ ፈተገችው። ከዚያ ወደ ዌና ሻይ ቤት ገባች።

«ዝተውበታል ይባላል።»

«አዎ ዝቻለሁ። ምን እደብቃለሁ?»

«ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። አብሮኝ የሚያድር ውሻ እንኳ የለኝም።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዢ!» አላት ጆሪ ከበሩ። «በገዛ ምላስሽ እስር ቤት ልትገቢ ነው።»

«አንተ ብሎ መካሪ! ባለፈው ሳምንት ጀልባህን ከደረጃው አንሳ ቢልህ አንገቱን ያነቅኸው ማን ነበር?»

ጆሪ ፊቱ ቀላ። ኢንስፔክተሯ ግን የምታየው ውሾቹን ነበር። ትናንት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት ዘንቦ ስለነበር እርጥቡ አሸዋ እንደ ሊጥ ሆዳቸው ላይ ተለጥፏል።

ክልከላውን ያወጣው ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሚስተር ፔንሃሊክ ከባለቤታቸው ከሎቭዴይ ጋር በመኪና ደረሱ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ ዌናን በከዘራቸው እያመለከቱ። «ገዳይዋ ይቻት!»

«እርስዎም ውሻ አለዎት?» አለች ስፓርጎ።

«አለኝ። ከኤፕሪል ወዲህ ግን ነጩን አሸዋ ረግጦ አያውቅም። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

ኢንስፔክተሯ በመኪናው መስኮት አጮልቃ አየች። «ይህ የውሻው ብርድ ልብስ ነው? ያምራል።»

«ትናንት ምሳ ሰዓት አጥቤ ፀሐይ ላይ አድርቄው ነው ያነጠፍኩለት» አሉ ሎቭዴይ፣ ሙገሳው ደስ ብሏቸው።

ስፓርጎ ሁሉንም ሻይ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ከሄድሊ ሥር ያለው አሸዋ ደረቅ ነው» አለች። «ስለዚህ የወደቀው ዝናቡ ሳይጀምር፣ ትናንት ምሽት ነው፤ ክልከላው ገና ሳያበቃ። የጆሪ ውሾች አሸዋ እርጥብ ነው፣ የዛሬ ነው። ጠጠሩ ዳርቻ ደግሞ ጭራሽ አሸዋ የለውም። ትናንት ምሳ ላይ በታጠበው ብርድ ልብስ ላይ ግን እንደ ዱቄት የደረቀ ነጭ አሸዋ አለ። ከታጠበ በኋላ፣ ከዝናቡ በፊት የገባ። ሚስተር ፔንሃሊክ፣ ትናንት ምሽት ውሻዎን ይዘው አሸዋው ላይ ነበሩ።»

ሎቭዴይ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«እግሩን ታሞ ነው» አሉ ፔንሃሊክ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ጠጠሩ ላይ መራመድ አቃተው። የቀረው እኮ አንድ ሌሊት ነበር! ሄድሊን ለመንኩት። ‹ዌና ናንኪቬልን መልሼ እርስዎን ላሳልፍ? ሕግ ጥሰዋል ብዬ ስምዎን እጽፋለሁ› አለኝ። ገፋሁት። ደረጃው ላይ ነበርን።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ትልልቆቹን አያይም እያልኩ አማሁት» አለች ዌና።

ክረምቱን የሄድሊን ሥራ የጠየቀ ሰው ጠፋ። ዌና ኮሚቴው ዘንድ ሄዳ «ለእኔ ስጡኝ» አለች፤ ሰጧት።

ሜይ አንድ ሰሌዳውን ተክላ ስትጨርስ ሎቭዴይ ያን አንካሳ ውሻ እየሳቡ መጡ።

«ነጩ አሸዋ አይሆንም፣ እመቤት» አለቻቸው።

ሎቭዴይ ወደ ጠጠሩ ዳርቻ ዞሩ። ዌና መዶሻዋን ጥላ ተከተለቻቸው።

«እዚያም አይሂዱ፤ ሞገዱ ይነጥቃል። ገደሉ አናት ላይ ሣር ያለበት መንገድ አለ።»

ውሻው ዳገቱን ቀና ብሎ አየና ተቀመጠ። ዌና ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ ታቅፋውም መውጣት ጀመረች።