ሠላሳ አራት ሽመላዎች

«ሠላሳ አራት?»

ቀጭኔ ቁጥሩን ደጋግማ አነበበችው። በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ የእሁዱ የወፍ ቆጠራ ቅጽ ተለጥፏል። ባለዘውድ ሽመላ፣ ሠላሳ አራት። ከሥሩ ሁለት ፊርማ አለ። አንዱ የጓደኛዋ የሬዲዮ ነው፤ ሌላው የራሷ።

እሷ ግን እሁድ ዕለት ትኩሳት አጋድሟት ከአልጋዋ አልወረደችም።

ሁለቱን ልጆች በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው የለም። አንዷ ከክፍሉ ሁሉ በቁመት ስለምትበልጥ ቀጭኔ ተባለች፤ ሌላዋ አፏ ስለማያርፍ ሬዲዮ። የትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ ጥንድ ጥንድ አድርጎ የመቁጠሪያ ቦታ ሲያከፋፍል እነሱ ተያይዘው ረግረጉን ወሰዱ። ሦስት ወር ሙሉ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል እየተነሱ፣ ቦቲያቸው ጭቃ ውስጥ እየቀረ፣ አንገታቸውን ትንኝ እየበላው ቆጥረዋል። በነዚያ ሦስት ወራት ከዘጠኝ ሽመላ በላይ አይተው አያውቁም።

«አየሽው አይደል?» የባዮሎጂ መምህሩ ከኋላዋ መጣ፤ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ እያራገፈ። ፊቱ ፈክቷል። «ነገ የማዘጋጃ ቤቱ ኢንጂነር ሲመጣ ይቺን ወረቀት ፊቱ ላይ ነው የማስቀምጣት። ሠላሳ አራት ሽመላ ያለበትን ቦታ አፈር ደፍተው መናኸሪያ ይሥሩ እስቲ! ጀግኖች ናችሁ።»

ቀጭኔ ቦርሳዋን አንስታ ሬዲዮን ፍለጋ ወጣች።

ሬዲዮን ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ የውኃ ቧንቧው ጋ አገኘቻት።

«እሁድ ሄደሻል?»

«ሄጃለሁ እንጂ! ብታዪ እኮ ጉድ ነበር። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ከደንገሉ ውስጥ ግር ብለው ሲነሱ...»

«ሰማዩ ጥርት ብሎ?»

«አዎ፣ ቅጹ ላይም ጽፌዋለሁ።»

«እሁድ ጠዋት ዝናቡ ጣሪያችንን ሲቀጠቅጠው ነው ያረፈደው። በትኩሳት ላይ ጩኸቱ ጭንቅላቴን ሊሰነጥቀው ነበር። አንቺ ዘንድ ፀሐይ ወጣ?»

ሬዲዮ ቧንቧውን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው።

«እሺ አልሄድኩም። በዚያ ዝናብ ብቻዬን ምን ልሁን? ደግሞ አታካብጂ። ወፎቹ መታወቂያ አላቸው? ማን ሄዶ ይቆጥራቸዋል?»

«በኔ ስም ፈረምሽ!» ቀጭኔ ቱግ አለች። «ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ በኔ ስም ፈረምሽ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ዘጠኝ ስንጽፍ ማን ሰማን? ስምንት ስንጽፍስ? አንድ ሰው መጥቶ ጎሽ ብሎሻል? ሠላሳ አራት ስል ግን ቲቸር እንኳ ሲስቅ አየሁት።» ሬዲዮ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተናገሪና የሚሆነውን እናያለን። ያኔ ረግረጉን የደፈነው ኢንጂነሩ እንዳይመስልሽ። አንቺ ነሽ።»

ቀጭኔን ያናደዳት ውሸቱ ብቻ አልነበረም። ሬዲዮ ካለችው ውስጥ ግማሹ እውነት መሆኑ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቦቲዋን ስታጠልቅ እናቷ ከልብስ ስፌት መኪናዋ ቀና አለች። «ከትኩሳት በተነሳሽ በሦስተኛ ቀንሽ? ልጄ፣ ጤናሽ ነው?»

«ቶሎ እመለሳለሁ እማ።»

ጫካውን ስታቋርጥ በየቅርንጫፉ ላይ የወፍ ጩኸት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን እየቆመች ታዳምጣለች፤ ዛሬ ግን የሁሉም ድምፅ እሷን የሚጨቀጭቅ መሰላት። የረግረጉ ዳርቻ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቀይ አፈር ደፍቶ ሄዷል። ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሳይስማማ። ክምሩን በቦቲዋ መታችው፤ እግሯን ብቻ አመማት።

ጭጋጉ ሲገፈፍ የርቀት መነፅሩን አነሳች። እውነቱን ለመናገር በልቧ ሠላሳ አራት እንዲሆኑ ትመኝ ነበር። ሠላሳ አራት ሆነው እሷ ራሷ ሬዲዮን ይቅርታ ብትጠይቃት ደስ ባላት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተጠጋግተው ቆመዋል፤ ራሳቸው ላይ ያለው ወርቃማ ላባ በንፋሱ ይበተናል። ወዲያ ማዶ አራት። ከዳክዬዎቹ ጀርባ ማንም የለም። ደግማ ቆጠረች። ሰባት።

«ዛሬስ ስንት ሆኑ?» አሏት ቄጠማ የሚያጭዱት እትዬ፣ ጉልበታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው። ሁልጊዜ ይጠይቋታል።

«ሰባት» አለች፤ ቁጥሩ አፏ ውስጥ ትንሽ ሆነባት።

«ጫጩቶቹን ሳትጨምሪ?»

«ምን ጫጩት?»

እትዬ በማጭዳቸው አመለከቱ። ቀጭኔ ሳትንቀሳቀስ ጠበቀች። ብዙ ቆይቶ ከአንዷ ሽመላ እግር ሥር ቡናማ፣ የጭቃ እንክብል የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ ተደናቀፈና ተነሳ።

«አየሽ? ሁለት ናቸው። ትናንት ሁለት ነበሩ።»

ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ሁለተኛው አልወጣም። ደብተሯ ላይ «ሰባት፣ ጫጩት አንድ» ብላ ጻፈች።

«ሁለት በዪው እንጂ ልጄ፣ እኔ አይቻለሁ እኮ።»

«እኔ አላየሁም፣ እትዬ።»

አራት ሰዓት ሊሆን ሲል መምህሩን የስብሰባው ክፍል በር ላይ ያዘችው። ቦቲዋ ላይ ያለው ጭቃ ገና አልደረቀም።

«ቲቸር፣ የእሁዱ ፊርማ የኔ አይደለም። ታምሜ ነበር። ቁጥሩም ውሸት ነው።»

መምህሩ ወዲያና ወዲህ አየ። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ እሱ ግን ድምፁን ቀነሰ። «ሌላ ሰው ያውቃል?»

ጥያቄው እንደ ጥፊ መታት።

«ኢንጂነሩ ውስጥ ተቀምጧል» አለ ፊቷን ሳያይ። «ለዛሬ ብቻ ይለፍ። በኋላ እናስተካክለዋለን። ይሄ ሁሉ ድካማችን መና እንዲቀር ነው የምትፈልጊው?»

ሦስት ወር ሙሉ ጠረጴዛ እየመታ «ያላያችሁትን አትጻፉ» ሲላቸው የከረመው ሰው ነው። ቀጭኔ በሬዲዮ ላይ የነበራት ንዴት ከዚህኛው ጋር ሲነጻጸር የልጅ ኩርፊያ ሆነባት። አልፋው ገብታ አንድ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ኢንጂነሩ እንዳሰበችው አስፈሪ አልነበረም። ዓይኑ የደከመ፣ ፋይል የታቀፈ ሰው ነው። የክበቡ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ተኮልኩለዋል። ሬዲዮ ከመካከላቸው ቀጭኔን አየቻትና በዓይኗ ለመነቻት።

«እሺ፣ እንስማችሁ» አለ ኢንጂነሩ እስክሪብቶውን እየነካካ። «እነዚህ ባለዘውድ የምትሏቸው ወፎች ስንት ቢሆኑ ነው?»

ተከትሏት የገባው መምህር የእሁዱን ወረቀት ከራሱ ፋይል አወጣ። ጉሮሮውን ጠረገ። ወረቀቱን አየ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቀጭኔን አየ።

የቀጭኔ ወንበር ወለሉን ፋቀው። ስትቆም ሁሉም ቀና ብሎ አያት። ሄዳ ጭቃ የነካውን ደብተሯን ከኢንጂነሩ ፊት ገልጣ አስቀመጠች።

«ሰባት» አለች። «ሰባትና አንድ ጫጩት። ዛሬ ጠዋት ነው የቆጠርኳቸው።»