የእማማ ኦሊታ ካርድ

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የደረሰብኝን ነው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፤ እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር።

ዩማ፣ አሪዞና። ኤፕሪል 14፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ነፋስ የለ... ፍጥጥ ያለ ብርሃን ነው።

ኤፍራይን እባላለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የቤት ኤር ኮንዲሽነር ስጠግን ኖሬያለሁ። እኛ አገር ሙቀቱ ሳይገባ፣ በኤፕሪል፣ በየቤቱ እየዞርን ማሽኑን እናያለን። ማጣሪያ እንቀይራለን፣ ውጭ ያለውን የማሽኑን አካል እናጥባለን፣ የሞተሩን ማስነሻ እንለካለን። ስንጨርስ የማሽኑ ቁም ሳጥን በር ላይ የተለጠፈች ካርድ አለች... እሷ ላይ ቀኑንና ስማችንን እንጽፋለን። ካርዷ ላይ ስም ካለ ማሽኑ ታይቷል ማለት ነው። ሰው ያንን አምኖ ይተኛል።

እማማ ኦሊታ ቤት ስምንት ዓመት ተመላልሻለሁ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ምላሳቸው አይጣል ነው። ጎንበስ ስል «ሱሪህን ሳብ አድርግ ልጄ፣ ገና ቁርስ አልበላሁም» ይሉኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን...

በኤፕሪል እሳቸው ቤት የሄድኩ ቀን አሥራ አንድ ቤት ነበረብኝ። ደክሞኛል። «እስከ ዛሬ ምንም ያልሆነ ማሽን አሁን ምን ይሆናል» አልኩ በሆዴ። ማጣሪያውን ብቻ ቀየርኩ። ውጭ አልወጣሁም። ማስነሻውን አልለካሁም።

ካርዷ ላይ ፈርሜ ሄድኩ።

ጁላይ ላይ ማሽኑ ቆመ። እማማ ኦሊታ ሞተው የተገኙት በሦስተኛው ቀን ነው።

ማንም አልጠየቀኝም። ምን ብሎ ይጠይቀኛል? ስሜ ካርዷ ላይ አለ። እኔም አፌን ዘግቼ ዘጠኝ ወር በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ሠራሁ። እንቅልፍ ግን... እሱን ተዉት።

ዘንድሮ ከቢሮ በተሰጠኝ ዝርዝር ላይ ያ አድራሻ ነበር። ለሌላ ሰው ስጡልኝ ብዬ ለመንኩ፤ ሰው የለም አሉኝ።

በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ቨርና ናት። በእኔ ዕድሜ ትሆናለች። ከቀብሩ በኋላ ከፊኒክስ መጥታ እዚያው መኖር ጀምራለች።

«ቀስ ብለህ ግባ...» አለችኝ በሹክሹክታ።

«የተኛ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም።»

ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ቤቱ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ግን 117 ፋራናይት ይላል፤ በሴልሺየስ አርባ ሰባት መሆኑ ነው። በዚህ ሙቀት ቤት ውስጥ ሰው አይተርፍም። መታ መታ አደረግኩት... 117። ባትሪውን ሁለት ጊዜ እንደቀየረችለት ነገረችኝ።

የእማማ ኦሊታ መኝታ ቤት ዝግ ነው። ሳልፍ ክንዴ የበሩን እጀታ ነካው።

አቃጠለኝ።

ቶሎ ጨርሼ መውጣት ነው የፈለግኩት። ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ። ካርዷ አለች። የእኔ ፊርማዎች ተደርድረዋል፤ መጨረሻ ላይ ያለፈው ኤፕሪል። ከእሱ በታች ደግሞ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፈ ሦስት መስመር...

ጁላይ 9። ሞቀኝ።

ጁላይ 10። ሞቀኝ።

ጁላይ 11።

የመጨረሻው ላይ ቀኑ ብቻ ነው ያለው።

«እናትሽ ናቸው የጻፉት?»

ቨርና ጠጋ ብላ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ከአልጋ አልተነሳችም ብሎኛል» አለች። «ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሳጸዳ ይሄ ጽሑፍ አልነበረም።»

ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ያልጠየቅኳትን ነገረችኝ። ጁላይ 9 እናቷ ደውለው ቤቱ ሞቀኝ ብለዋት ነበር። እሷ ሥራ ላይ ናት፣ ፊኒክስ፣ የሦስት ሰዓት መንገድ። እስቲ ካርዷን አንብቢልኝ አለቻቸው። አነበቡላት።

«ኤፍራይን ካየው ደህና ነው አለችኝ። እኔም አመንኩ። መጋረጃውን ዝጊ ብያት ስልኩን ዘጋሁ... አልመጣሁም።» እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እኔ ነኝ የገደልኳት።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ የፈራሁት ለራሴ ብቻ ነበር። የእኔን ኃጢአት ሌላ ሰው ተሸክሞት ይዞራል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም። ዝም ብል ይቺ ሴት በዚህ ሐሳብ ታረጃለች፣ በዚሁም ትሞታለች።

ዓይኔ ወደ ካርዷ ተመለሰ።

አራተኛ መስመር አለ... ኤፕሪል 14፤ የዚያው ዕለት ቀን ነው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። የስም ቦታው ባዶ ነው።

እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነው። አልነካሁትም።

«ቨርና... አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ማሽኑን። ዓምና ፈረምኩ እንጂ አላየሁትም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው።»

አልጮኸችም። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ በወደድኩ። ተነስታ እናቷ ክፍል ገባች። በሩን ዘጋችው።

እኔ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። እግሬ ሥር ከየክፍሉ አየሩን መልሶ ወደ ማሽኑ የሚስበው ፍርግርግ አለ። የአየር ቱቦ ወሬ ያሳልፋል፤ በዚህ ሥራ ስንት የባልና ሚስት ጭቅጭቅ ሰምተናል። የቨርና ለቅሶ ከታች ይሰማኛል... ልብ ይሰብራል።

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማሁ።

ያረጀ... ጉሮሮው የደረቀ...

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አለሽ እኮ። በቃ ልጄ... በቃ።»

ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ፍርሃት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ድምፁ እንደገና መጣ።

«ውሃ ስጪው። ውጭ ሙቀት ነው።»

በሩ ተከፈተ። ቨርና ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዛ ወጣች። በዚያ ክፍል ውስጥ ቧንቧ የለም። እሷም ብርጭቆውን የምታየው ማን እጇ ላይ እንዳስቀመጠው እንደማያውቅ ሰው ነው።

«ጠጣ» አለችኝ በሹክሹክታ።

ተቀበልኳት። ብርጭቆው ከእሳት ላይ የወረደ ብረት ነው። ልጥለው አልቻልኩም... አልፈለግኩምም። ከንፈሬ ሲላጥ እየተሰማኝ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

በትከሻዋ በኩል አልጋው ይታየኛል። ተነጥፏል፤ ማንም የለበትም። እየጠጣሁ ሳለ የፍራሹ ጠርዝ ቀስ... ብሎ ወደ ታች ሰመጠ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚሰምጠው።