ሚጢ የተባለ ፋይል

ፕሪንተሩ የመጨረሻዋን መስመር እየጮኸ ጨርሶ ወረቀቱን ሲተፋው፣ ጡረተኛው የባቡር ነጂ መነጽራቸውን አስተካክለው አቤቱታቸውን ለማንበብ ጎንበስ አሉ። ያ ፕሪንተር ሲሠራ ከሩቅ የሰማው ሰው ፍየል እየታረደ መስሎት ቢላ ይዞ ይመጣል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሽማግሌው ግን አርባ ዓመት ከባቡር ፉጨት ጋር ኖረዋልና ጩኸቱ ምንም አላላቸውም። ያስደነገጣቸው ጽሑፉ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ፊደል የለበትም። ፈገግ ያሉ ክብ ክብ ፊቶች፣ ልቦች፣ እንደገና ፊቶች፣ እንደገና ልቦች።

«ልጄ» አሉ ወረቀቱን ወደ ጸሐፊዋ፣ ወደ ሚጢ እናት እየዘረጉ፣ «እኔ እኮ ጎረቤቴን ልከሰው ነው እንጂ ላገባው አይደለም።»

ሚጢ ጥግ ላይ ሆና ይህን ስትሰማ ሳቋ አመለጣት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ሳቅ እንደ ሽንት ነው፣ ያዝኩት ሲሉት ያመልጣል። እናቷ ግን አልሳቀችም። የሽማግሌው ጎረቤት መስኮታቸውን የሚደፍን ግንብ ጀምሯል። አቤቱታው ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት ካልገባ ግንቡ ያልቃል፣ ሽማግሌውም ቀሪ ዕድሜያቸውን በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ሊኖሩ ነው።

እናት በዚያች የፊት ክፍል ውስጥ ለሰፈሩ ሁሉ ትጽፋለች። ማመልከቻው፣ ውሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ሁሉም በእሷ እጅ ያልፋል። ጣቶቿ ፈጣኖች ናቸው፤ ባለጉዳዩ ሐሳቡን ተናግሮ ሳይጨርስ ነጥቡን አድርጋ ትጠብቀዋለች። የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ግን አታውቀውም። ሲታመም የማሽን ሐኪሙን ታስጠራለች፤ የማሽን ሐኪሙ ደግሞ እስከ ቅዳሜ ከከተማ የለም።

«ማን ነው የነካው?» አለች።

በሩን ተደግፎ የቆመው የሚጢ ታላቅ ወንድም ጉሮሮውን ጠረገ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አውሮፕላን የማብረር ጌም ከጀመረ ወዲህ ራሱን ካፒቴን ብሎ ሰይሟል፣ ቤቱም ሰፈሩም ተቀብሎታል። ሚጢ ዲስኬት መክተት የተማረችው ከእሱ ነው፤ ትእዛዝ መጻፍም እንደዚያው። ለእሷ ከካፒቴን በላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ገና አልተወለደም።

«መናገር አልፈለግሁም ነበር» አለ ካፒቴን መሬት መሬት እያየ። «ትናንት ሚጢ ስትጎረጉረው አይቻታለሁ። ዓይኔን ግንባር ያርገው።»

ሚጢ ጠበቀች። ካፒቴን ሰውን መሸወድ ይወዳል፤ አንዴ ጎረቤቱን ሁሉ ዛሬ ውሃ በሽቅብ ይፈሳል ብሎ በባልዲ አሰልፏል። አሁን «ሸወድኳችሁ» ይላል ብላ ፊቱን አየች። አላለም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

አልነካሁም ብትል ማን ይስማት? የሳቀችው እሷ ናት። እናቷ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ፍርዷን ሰጠች፦ ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ክፍል እንዳትረግጪ፤ ለዕረፍቱ ቃል የገባሁልሽም ቀርቷል። ቃሉ ሚጢ ራሷ ከባለጉዳይ ተቀብላ፣ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ እንድታስረክብ ነበር። ሚጢ ለዚያ ስትል ሁለት ወር ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ጣቶቿን ስታለማምድ፣ በእንቅልፏም ብርድ ልብሱን ትተይብ ነበር። እናት ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቃ፣ አመሻሹ ላይ ተመለሱልኝ ብላ ሸኘቻቸው፤ ከዚያም ከተማው ሌላ ጫፍ ያለችውን ጸሐፊ ለመለመን ወጣች። ካፒቴንም ተከትሎ ውልቅ አለ።

ሚጢ የተከለከለውን ክፍል ለአንድ ደቂቃ ያህል ከደጅ ሆና አየችው። ከዚያ ገባች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ማሽን ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያውቀው የፈረንጅ ፊደል ብቻ ነው። የአማርኛውን ፊደል የሚያስተምረው ድራይቨር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ነበር፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር በማስነሻው ፋይል ውስጥ ባለች አንዲት መስመር ይጠራል። ትንሽ ይባል እንጂ የማሽኑ ሜሞሪ ጠባብ አልጋ ነው፣ ይህ ደግሞ አልጋው ላይ በጎኑ የተጋደመ ወፍራም እንግዳ። የአውሮፕላኑ ጌም እሱ ካልተነሳ አይገባም። ማብረር የፈለገ ሰው መስመሯን ማጥፋት አለበት፤ መስመሯ ከጠፋች ደግሞ ማሽኑ ፊደል ይረሳና ፊትና ልብ ይዘረግፋል።

ማስነሻውን ፋይል ከፈተች። መስመሯ የለችም። ቀጥላ የፋይሎቹን ዝርዝር አወጣች። አንድ ፋይል «እናት» ይላል፤ ከፈተችው፣ እሱም ውስጥ መስመሯ የለችም። ገባት። አንድ ሰው ለጌም የሚሆን ሌላ ማስነሻ ሠርቶ፣ የእናትን ደግሞ ለብቻ አስቀምጦ፣ ሁለቱን እያቀያየረ ሲያበር ከርሟል። ትናንት ሲመልስ አቅጣጫውን ስቶ የጌሙን በእናት ፋይል ላይ ገለበጠበት። ጥሩው ፋይል እንዲያ ሆኖ ጠፋ።

እንግዲህ ካፒቴን ደንግጦ ነው የዋሸው አለች በልቧ። ሰው ሲደነግጥ ምን የማይል አለ? ይቅር ልትለው ጥቂት ቀርቷት ነበር። ከዚያ የጌሙን ፋይል ስም አየችው። በላቲን ፊደል፣ ጥርት ብሎ፦ ሚጢ።

ዓይኗ ወደ ቀኝ፣ ፋይሉ ወደተሠራበት ቀን ሄደ። ከሦስት ወር በፊት፣ የወሩ አሥራ ሰባተኛ ቀን። ያን ቀን ሚጢ ሆስፒታል ትርፍ አንጀቷን በቀዶ ጥገና ስታስወጣ ነው የዋለችው። ካፒቴን ማታ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ፣ ይሄው ያንቺ ሐኪም ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሰውዬ ሆድ ያልቆመ የግድግዳ ሰዓት አወጣ፣ ሰዓቱም ልክ ነበር ብሎ ስፌቷ እስኪያማት ድረስ አስቋታል። እጇን ይዞ ነበር።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

ካፒቴን በሩ ላይ ቆሟል። እስክሪኑን ሲያይ ትከሻው ወረደ፤ ወዲያው ግን ሳቅ አለ። አንድ ስም ነው፣ ስም ደግሞ ምንም አይደለም ሊል ጀመረ።

«አትፎግረኝ» አለች ሚጢ። «ስሜን ለምን?»

«እማዬ ካገኘችው አንቺን አትቆጣም ብዬ ነዋ። ያን ጊዜ ታመሽ ነበር። የታመመ ልጅ ማን ይቆጣል?»

«ሆስፒታል ከመምጣትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

የግንባሩን ቆዳ አሸት አሸት አደረገ።

«በፊት» አለ። «ጠዋት። ቤቱ ባዶ ነበር።»

ከዚያ ልመናው መጣ። የማሽን ሐኪሙ ለዕረፍቱ አብሮት እንዲሠራ ሊወስደው እሺ ብሏል፤ እናቱ አንዲት የምስክርነት ቃል ከሰጠችለት ብቻ። ይህን ካወቀች እንኳን ቃል ሰላምታም አትሰጠውም። ሚጢ ግን ገና ልጅ ናት፣ ሌላ ዕረፍት ይመጣላታል። ፋይሉን ታጥፋው፣ የጌሙን ዲስኬቶች በሙሉ ይሰጣታል።

ሚጢ ወደ እስክሪኑ ዞረች። አሁን የሽማግሌው መስኮት ይቀድማል። መስመሯን ከትዝታዋ ጻፈችና ማሽኑን አስነሳችው። ማሽኑ ድራይቨሩን አላገኘሁትም አለ፤ ያለበትን ቦታ አሳስታ ነው። አስተካክላ ደገመች። ፊደሎቹ መጡ፣ መጻፊያው ፕሮግራም ግን ቦታ አጥቶ አልከፈት አለ። አገጯን ይዛ አሰበች። ለካስ የላይኛውን ሜሞሪ የሚከፍተው መስመር ከድራይቨሩ በታች ነው የቀረው። አልጋ ሳይነጠፍ እንግዳ ማስተኛት። ሁለቱን አቀያየረችና ለሦስተኛ ጊዜ አስነሳችው። የሽማግሌው አቤቱታ ከነነጥቡ፣ ከነሰረዙ ቁጭ አለ።

የውጭው በር ሲንቋቋ ሚጢ ከወንበሩ ዘላ ተነሳች። ክልከላውን በአንድ ቀን ጥሳ መያዝ አልፈለገችም። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ካፒቴን ተቀመጠበት።

እናት አቧራ ለብሳ ገባች። ያቺ ጸሐፊ እስከ ሐሙስ ሥራ ሞልቶብኛል ብላታለች። ከዚያ እስክሪኑን አየችው፣ ቀጥላ ወንበሩ ላይ ያለውን ልጇን።

«የኔ ጀግና» አለች ድምፅዋ እየተሰበረ። «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ካፒቴን የሸሚዝ ኮሌታውን አስተካከለ። እናት አትም የሚለውን ትእዛዝ ሰጠች፣ ፍየሉም መጮህ ጀመረ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሚጢ ምን እንደምታደርግ አታውቅም ነበር። ያ ወንበር ባይያዝ ኖሮ ምናልባት ፋይሉን አጥፍታ ሆድ ይፍጀው ትል ነበር።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ፤ አንድ ነገር ላሳይሽ» አለች።

«አንቺ እዚህ ክፍል እንዳትረግጪ አላልኩሽም?»

«እኔ አልነካም። ራስሽ ነሽ የምትነኪው።»

እናት ግራ ተጋብታ ካፒቴንን አስነስታ ተቀመጠች። ሚጢ ሦስት ፊደል ነገረቻት፤ ጣቶቿ ሦስቱን ሳይሰሙ ጨረሷቸው። ዝርዝሩ ወረደ። ሚጢ በግራ ያለው ስም እንደሆነ፣ በቀኝ ያለው ደግሞ የተሠራበት ቀን እንደሆነ፣ ፊደሉን ያጠፋው የአውሮፕላኑ ጌም ማስነሻም እዚሁ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አስረዳቻት። ከእንግዲህ ማሽኑን ማን ነካው ብለሽ ሰው አትጠይቂ፣ አንብቢው አለቻት።

«እማዬ፣ ሽማግሌው እኮ ሊመጡ ነው» አለ ካፒቴን። እናት ዞር ሳትል እጇን አነሳችበት።

መነጽሯን አደረገች። ጣቷ ከላይ ጀምሮ አንድ አንድ መስመር እያለ ወረደ። ሚጢ እንዳትጠቁም ሁለት እጇን ከኋላዋ ያዘች። ጣቱ የልጇ ስም ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በቀስታ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ እዚያም ቆመ። ያን ቀን እናት ከጠዋት እስከ ማታ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሚጢን ጫማ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች፤ ቀኑን ማንም ሊነግራት አያስፈልግም።

ፍየሉ ጩኸቱን ጨረሰ። ሚጢ ወንድሟን አላየችውም። ወደ ፕሪንተሩ ሄዳ አቤቱታውን ቀስ ብላ ቀደደችው፣ ከዚያም ዳርና ዳር ያሉትን ባለቀዳዳ ጠርዞች አንድ በአንድ፣ ጽሑፉን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች መላጥ ጀመረች።